የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሕግ ክፍላችን ኤአይ ይግባ ተባለ፣ የት ይግባ?

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) ናቸው፣ የገረመኝ ግን ከአይቲ ሰዎች ሳይሆን ከባንክ፣ ከኢንሹራንስና ከአበዳሪ ተቋማት ነገረ ፈጆች መምጣታቸው ነው። እኔም እዛ ወንበር ላይ ብዙ አመት ስለተቀመጥኩ ዛሬ ገጹን ለነሱ ለቅቄዋለሁ። የምጠቅሳቸው አመተ ምህረቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የአንድ አበዳሪ ተቋም የሕግ ክፍል ኃላፊ ነኝ፣ ስድስት ሰዎች ነን። ሥራ አስኪያጃችን ከአንድ ስብሰባ ተመልሰው "እስከ ሩብ አመቱ መጨረሻ ኤአይ ገብቶ ማየት እፈልጋለሁ" አሉኝ፣ የት ጋ እንደሚገባ ግን አልነገሩኝም። ሻጮች መጥተው ዴሞ አሳዩን፣ 80 ገጽ ውል በደቂቃ አንብቦ ጨረሰው፣ ክፍሉ በሙሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ግን ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። (ግራ የገባት)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዴሞውን ይርሱት። ዴሞ ላይ የሚቀርበው ውል ተመርጦ የመጣ ነው፣ በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ንጹህ፣ አንድ ፋይል፣ መጀመሪያና መጨረሻው የሚታወቅ። እርስዎ ፋይል ውስጥ ያለው ደግሞ ስካን ሲደረግ ጠርዙ የተቆረጠ፣ ማህተሙ ፊደሉ ላይ ያረፈ፣ ሶስት ጊዜ የተሻሻለ፣ ማሻሻያው ሌላ ፎልደር ውስጥ ያደረ ውል ነው። በርስዎ ወረቀት ካልሞከሩት ምንም አላዩም ማለት ነው።

የት ይግባ ላሉት እኔ አንድ መለያ ነው ያለኝ። መልሱ ያለበት ወረቀት እጃችሁ ላይ አለ ወይስ የለም? ካለ ማሽኑን አስነብቡት፣ የተናገረውን ከወረቀቱ ጋር አስተያይቶ ማየት ይቻላላ። ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ከሌለና ማሽኑን "ሕጉ ምን ይላል?" ብላችሁ ከጠየቃችሁት ግን ማንነቱን የማታውቁትን ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ እንደመጠየቅ ነው፣ ሊያውቅ ይችላል፣ ላያውቅም ይችላል፣ ሁለቱንም በአንድ አይነት እርግጠኝነት ነው የሚነግራችሁ።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም ደግሞ፣ ቻትጂፒቲ ሳይወለድ የአሜሪካው ባንክ ጄፒሞርጋን "ኮይን" የሚባል ሶፍትዌር የንግድ ብድር ውሎችን እያነበበ ቁልፍ ነጥቦችን እንዲያወጣ አድርጎ ነበር፣ በ2017 በዜና ሲወራ ለዚህ ስራ ጠበቆችና የብድር ሰራተኞች በአመት 360,000 ሰዓት ያጠፉ ነበር ነው የተባለው። ከዛ ላይቦር የሚባለው የወለድ መነሻ ሊቀር ሲል (የዶላሩ ዋናው ክፍል ሰኔ 2023 መጨረሻ ላይ ነው የቆመው) ባንኮች ያሏቸውን ውሎች በሙሉ ገልብጠው "ላይቦር ከሌለ ወለዱ በምን ይሰላል?" የሚለው አንቀጽ አለው የለውም የሚለውን ማየት ነበረባቸው፣ ይሄን በሰው አይን ብቻ መጨረስ ስለማይታሰብ ብዙዎቹ ሶፍትዌር ነው ያስነበቡት። ሁለቱም ቦታ ወረቀቱ እጃቸው ላይ ነበር፣ ጥያቄውም ጠባብ ነበር። የሚሰራው እንዲህ ሲሆን ነው።

አሁን እኛ ያደረግነውን ልንገርዎት። ከዚህ በፊት በእጃችን አንብበን የጨረስናቸውን 40 የብድር ውሎች መረጥን፣ ለእያንዳንዱ የወለዱ፣ የመክፈያ ጊዜው፣ የመያዣው፣ የዋሱ፣ ብድሩ በአንዴ ተጠቃሎ የሚጠየቅበት ምክንያት ምናምን የሚሉ አምዶች ያሉት ሰንጠረዥ ነበረን። ያንኑ ለማሽኑ ሰጠነውና ጎን ለጎን አስቀመጥነው። ሁለት ቦታ እኛ ያለፍነውን እሱ አገኘው፣ አልዋሽም አፈርኩ፣ አንዱ እኔ ራሴ የፈረምኩበት ነበር። ግን አንድ ውል ላይ ምን ሆነ መሰለዎት፣ አንቀጽ 7 ዋሱ ለጠቅላላው ዕዳ ተጠያቂ ነው ይላል፣ ከአመት በኋላ ደግሞ ባለ አንድ ገጽ ማሻሻያ ተፈርሞ ዋስትናው በግማሽ ተወስኗል፣ ያቺ አንድ ገጽ ግን ፋይል የተደረገችው ከውሉ ጋር ሳይሆን ከደብዳቤዎች ጋር ነው። ማሽኑ "ሙሉ ዋስትና፣ አንቀጽ 7" ብሎ ቁጭ። እንዳይፈረድበት ያልተሰጠውን ከየት ያምጣው፣ ነገር ግን አዲስ ተቀጣሪ ልጅ ቢሆን ኖሮ "ይሄ ነገር ማሻሻያ የለውም እንዴ?" ብሎ መዝገብ ቤት ይወርድ ነበር፣ ማሽኑ አይጠይቅም። እኛም የተማርነው ኤአይ ከማስገባታችን በፊት ፋይላችንን ማስተካከል እንዳለብን ነው፣ ያ ስራ ደግሞ ከሶፍትዌሩ በላይ ጊዜ ወሰደብን፣ ማንም ዴሞ ላይ የማይነግርዎት ይሄንን ነው።

ስለዚህ አንድ አይነት ውል ብቻ ይያዙ፣ ብዙ ኮፒ ያለውን። ማሽኑ ከሚሰጠው እያንዳንዱ መልስ አጠገብ ገጽና አንቀጽ ይጻፍ፣ አንቀጽ ያልተጠቀሰበት መልስ እንደ ባዶ ይቆጠር። ስህተቱን ስትቆጥሩ ለሁለት ክፈሉት፣ የሌለ ነገር የጨመረበትና ያለ ነገር የዘለለበት ብላችሁ። የጨመረውን የሚያጣራው ሰው ወዲያው ያየዋል፣ የዘለለውን ግን ማንም አያየውም ምክንያቱም ባዶ ቦታ ላይ ጠቅ የሚያደርግ ሰው የለም፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሁለተኛው ነው። ሰዓትም ስትለኩ የማጣሪያውን ሰዓት ደምሩበት፣ ማጣራቱ ከማንበቡ እኩል ጊዜ ከፈጀ በቃ ይቅርባችሁ።

ሌላው፣ ብቻዎን አይግዙ። የሪስክ ክፍሉን ያስገቡ። የገንዘብ ተቋም ውስጥ ሞዴል (ከመረጃ ተነስቶ ውጤት የሚያወጣ ስሌት) ማለት አዲስ ነገር አይደለም፣ የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ ፌደራል ሪዘርቭና የባንክ ተቆጣጣሪው ኦሲሲ በ2011 ባወጡት መመሪያ ላይ ሞዴሉን የሰራው ሰው ራሱ ፈታኝ ሆኖ እንዳይቀርና ሌላ ወገን እንዲመረምረው አስፍረዋል፣ ያ ሀሳብ ለብድርና ለገበያ ሪስክ ታስቦ የተጻፈ ቢሆንም ለርስዎም ውል አንባቢ ይሰራል። ሥራ አስኪያጅዎ ጋ ሲገቡ ደግሞ ዴሞ ይዘው አይግቡ፣ ያቺን ጎን ለጎን የተቀመጠች ሰንጠረዥ ይዘው ይግቡ፣ የት እንደሳተ በቀይ አድርገው።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ ጋሼ። ሕግ ክፍል ከገባሁ ሁለት አመቴ ነው። እውነቱን ልናገርና ነጻውን ቻትቦት በስልኬ እጠቀማለሁ። ውሉን ኮፒ አድርጌ "አሳጥርልኝ" እለዋለሁ፣ የደንበኛውን ስም ግን አጠፋለሁ። አለቃዬ አያውቅም፣ እንደውም "ፈጣን ሆንክ" እያለ ያመሰግነኛል። ጥፋት ነው እንዴ? (ስሜን አትጻፉ)

መልስ፦ አዎ ወንድሜ፣ ጥፋት ነው፣ ግን ያንተ ብቻ አይደለም።

ስም ማጥፋት ማለት ማንነት ማጥፋት አይደለም። የብድሩን መጠን፣ የተፈረመበትን ቀን፣ የመያዣውን ሕንጻ ወለልና ስፋት፣ የዋሱን የስራ ድርሻ ትተህ ስሙን ብቻ ብትሰርዝ ዘርፉን የሚያውቅ ሰው አንብቦ ሳይጨርስ "እንትና ነው" ይልሃል። ነጻ በሆኑት ቻትቦቶች ላይ ደግሞ የምትጽፈው ነገር ሞዴሉን ለማሰልጠን ሊውል ይችላል፣ ይሄ በአጠቃቀም ውላቸው ላይ የተጻፈ ነው፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ካላጠፋኸው። አጠፋሁትም ብትል ወረቀቱ ከመስሪያ ቤቱ ወጥቶ ሶስተኛ ወገን ሰርቨር ላይ አርፏል፣ ነገ ክርክር ቢነሳ ባላጋራህ "ምስጢርነቱን እናንተው ናችሁ የጣላችሁት" ብሎ መከራከሪያ ያገኛል፣ ይረታበት አይረታበት ሌላ ጉዳይ ነው፣ አንተ ግን መንገዱን ከፍተህለታል።

አንድ ነገር ደግሞ በምንም ተአምር እንዳትነካ። አጠራጣሪ ግብይት ብሎ ተቋሙ ለሚመለከተው አካል የላከውን ሪፖርት፣ ወይ ሊልክ እያዘጋጀ ያለውን። ፋትፍ የሚባለው ዓለም አቀፍ የገንዘብ ማጠብ ተቆጣጣሪ በምክረ ሀሳብ 21 ላይ ሪፖርት መደረጉን ማሳወቅ በሕግ እንዲከለከል ይላል፣ በብዙ አገርም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። "ኢሜይሉን አሳምርልኝ" ብለህ የለጠፍከው ነገር ውስጥ ያ ካለ ስለ ሙያ ስነ ምግባር ሳይሆን ስለ ወንጀል ነው የምናወራው።

ያንተ ብቻ አይደለም ያልኩት በምክንያት ነው። በ2023 መጀመሪያ ላይ ጄፒሞርጋን፣ ሲቲግሩፕ፣ ጎልድማን ሳክስና ሌሎችም ትልልቅ ባንኮች ሰራተኞቻቸው ቻትጂፒቲ እንዳይጠቀሙ ገደቡ። እዛ ግን አልቆሙም፣ ሞርጋን ስታንሊ በዛው አመት ከቻትጂፒቲ ሰሪው ኦፕንኤአይ ጋር የውስጥ ረዳት ሰራ፣ ጄፒሞርጋንም በ2024 የራሱን ለሰራተኞቹ አከፋፈለ። ክልከላ ብቻውን ሰውን ከቢሮ ኮምፒውተር ወደ ኪሱ ስልክ ነው የሚያሻግረው፣ ያንተ ደብዳቤ ምስክር ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ አቁምና ለአለቃህ ንገረው፣ "ይሄንን ይሄንን ስራ ነበር የማሰራው፣ እንዲህ ያህል ጊዜ ይቆጥብልኛል፣ ቢሮው የሚፈቅደው ይፈለግልን" በለው። አለቆችም ካነበባችሁ የመጀመሪያውን ተናጋሪ አትቅጡ፣ ከቀጣችሁት ሁለተኛ ተናጋሪ አይኖርም።

ጥያቄ፦ የኛ ሻጭ "ይሄ እንደ ተራው ቻትቦት አይደለም፣ ከሕግ ዳታቤዝ እየጠቀሰ ስለሚመልስ አይዋሽም" ብሎናል። ማመን ይቻላል? (ተ.)

መልስ፦ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2024 እንደዚህ ከዳታቤዝ እየጠቀሱ የሚመልሱ ታዋቂ የሕግ መሳሪያዎችን ፈትነው ከ17 እስከ 33 በመቶ የሚሆነው መልስ ላይ የተሳሳተ ወይም ከራሱ የፈጠረው ነገር አግኝተዋል፣ ማለት በጣም የተሻለው እንኳ ከስድስት መልስ በአንዱ አካባቢ ይስታል ማለት ነው። ከዛ ወዲህ ምርቶቹ ብዙ ተቀያይረዋል፣ "አይዋሽም" የሚለው ቃል ግን ያኔም ይባል ነበር።

በ2023 ኒውዮርክ ላይ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን ስድስት የሌሉ መዝገቦች ፍርድ ቤት አቅርበው ዳኛ ኬቨን ካስቴል 5,000 ዶላር እንደቀጧቸው ብዙ ሰው ሰምቷል። ለኛ ዘርፍ የሚቀርበው ግን በ2025 ለንደን ላይ የሆነው ነው። ኳታር ናሽናል ባንክ ላይ 89 ሚሊዮን ፓውንድ የተጠየቀበት ክስ ነበር፣ ከሳሽ ወገን ካቀረባቸው 45 ጥቅሶች 18ቱ መዝገቦች ጭራሽ የሌሉ ሆነው ተገኙ፣ ከቀሩትም ብዙዎቹ አሉ የተባለውን አይሉም ነበር። ጠበቃው ምን አለ መሰላችሁ፣ ጥናቱን የሰራው ደንበኛዬ ነው፣ እሱን አምኜ ነው አለ። ደንበኛ ለጠበቃው የሕግ ጥናት ሰርቶ ሲሰጠውና ጠበቃው ሳያይ ሲያስገባው አስቡት እስቲ፣ ነገሩ ተገለበጠ እኮ። ለባንክ ነገረ ፈጅ ግን ሌላ ትርጉምም አለው፣ ባላጋራችሁ የጠቀሰውንም እየከፈታችሁ እዩ።

ከሌለ መዝገብ ይልቅ ግን የሚያደክመው እውነተኛ መዝገብ ተጠቅሶ ያላለውን አለ ሲባል ነው። የሌለውን ቁጥሩን ስትፈልጉ ታጡታላችሁ። ያለውን ግን ቁጥሩ ይመጣል፣ ርዕሱም ይመሳሰላል፣ እዛ ላይ "አለ፣ ተረጋግጧል" ብላችሁ ከዘጋችሁት አለቀ። ገብታችሁ አንቀጹን አንብቡ፣ ሌላ መንገድ እስካሁን አላገኘሁም።

ጥያቄ፦ የብድር ክፍላችን አመልካቾችን በኤአይ ነጥብ እየሰጠ ይከለክላል። ሰው ሲያማርር ቅሬታውን ለኛ ልከው "መልስ ጻፉ" ይሉናል፣ ምክንያቱን ስንጠይቅ "ሲስተሙ ነው" ነው መልሳቸው። ምን ብለን እንጻፍ? (ከአንድ ሕግ ክፍል)

መልስ፦ አትጻፉ! ማለቴ ምክንያቱ ሳይመጣ አትጻፉ። "ሲስተሙ ነው" ምክንያት አይደለም፣ ፊርማችሁ ደግሞ የሚያርፈው እዛ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ብድር የከለከለ አበዳሪ ዋና ዋና ምክንያቶቹን ለይቶ እንዲናገር ሕጉ ካስገደደው ቆየ፣ ኤአይ የሚባል ነገር ባንክ ደጅ ሳይደርስ። አውሮፓ ደግሞ የአውሮፓ ሕብረት ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 7 ቀን 2023 ሹፋ በሚባለው የጀርመን የብድር ነጥብ ሰጪ ድርጅት ጉዳይ ላይ፣ አበዳሪው ነጥቡ ላይ በጣም ተመርኩዞ የሚወስን ከሆነ ነጥብ መስጠቱ ራሱ በማሽን የተደረገ ውሳኔ ነው አለ፣ "እኛ ነጥብ ብቻ ነው የሰጠነው፣ የወሰነው ባንኩ ነው" የሚለው መሸሸጊያ ጠበበ። የ2024ቱ የአውሮፓ ኤአይ ሕግም የግለሰብ ብድር ብቃት መመዘኛን ከፍተኛ አደጋ ካላቸው ተርታ መድቦታል፣ ማጭበርበር ለመያዝ የሚውለውን ግን ለይቶ አውጥቶታል፣ ስለዚህ ሲስተማችሁ የቱን እየሰራ እንደሆነ ማወቅ የናንተ ስራ ነው።

ማሽኑን እንደ ሌላ ሰው ቆጥሮ "እሱ ነው" ማለትም አያዋጣም። ኤር ካናዳ ቻትቦቱ ለመንገደኛ የተሳሳተ መረጃ ሰጥቶ ሲከሰስ ቻትቦቱ ለራሱ ድርጊት ራሱ ተጠያቂ ነው አይነት ክርክር አቅርቦ ነበር፣ በ2024 ውድቅ ተደርጎበት ከ800 የካናዳ ዶላር በላይ ክፈል ተባለ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ክርክሩ ግን ሳቅ ሆኖ ቀረ።

እናንተ ለብድር ክፍሉ ዛሬ አንድ ደብዳቤ ጻፉ፣ እያንዳንዱ ክልከላ ከነጥቡ ጋር ነጥቡን ወደታች የጎተቱት ሶስት አራት ምክንያቶች ተጽፈውበት ይምጣ፣ የሰው ባለሙያ አይቶት ከሆነ ማን እንዳየው ይገለጽ በሉ። ማውጣት አይችልም ካሉ ችግሩ የደብዳቤ አጻጻፍ ሳይሆን ሲስተሙ ስለሆነ ወደ ሪስክ ኮሚቴው ይሂድ።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነገረ ፈጅ ነኝ፣ ስራዬን ይወስደዋል? (ኤ.)

መልስ፦ የማንበቡን ሰዓት ይወስደዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፣ እኛ ሙያውን የተማርነው አሰልቺ ውል እያነበብን ነው፣ ያ ስራ ከጀማሪ እጅ ከወጣ ከአምስት አመት በኋላ የማሽኑን ስህተት የሚያውቅ አይን ከየት ይመጣል? እኛ ጋ ከየአስሩ ውል አንዱን ጀማሪው የማሽኑን ውጤት ሳያይ በእጁ ያነባል፣ ከዛ ያስተያያል። መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ አሁን ማሽኑን የያዙበትን ቀን እየመጡ ያወሩልኛል።

ጥያቄ፦ ልንፈርም ነው፣ ከሻጩ ጋር በምንገባው ውል ውስጥ ምን ይካተት? (የቸኮለ)

መልስ፦ አንድ ነገረ ፈጅ ለራሱ ውል ሲሆን እንዴት እንደሚቸኩል አውቀዋለሁ። ሰነዳችን ለስልጠና አይውልም የሚለው በግልጽ ይጻፍ፣ በድረ ገጹ ፖሊሲ ላይ ሳይሆን ውሉ ውስጥ። ከጀርባ ሞዴሉን የሚያቀርበው ማን እንደሆነና ሰነዱ የት እንደሚቀመጥ ይጠቀስ። የምትወጡበት መንገድ፣ ማለት ሰነዱን መልሳችሁ የምትወስዱበትና የሚጠፋበት ጊዜ፣ ይኑር። ከጥር 17 ቀን 2025 ጀምሮ በአውሮፓ ተግባራዊ የሆነው ዶራ የሚባለው ደንብ የገንዘብ ተቋማት ከቴክኖሎጂ አቅራቢ ጋር የሚገቡት ውል ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል፣ እዛ ባትሆኑም ዝርዝሩን አውጥታችሁ ብታዩት አይጎዳም።

አብዛኛው ሰው የሚረሳው ሞዴሉ ከስር ሲቀየር እንዲነገራችሁ የሚለውን ነው። ስክሪኑ ያው፣ ሎጎው ያው ሆኖ ውስጡ ያለው ሞዴል በሌላ ሊተካ ይችላል፣ ትናንት በትክክል ያነበበውን አንቀጽ ዛሬ ሊዘለው ይችላል። ሻጩ "አስቀድሜ አሳውቃለሁ" ብሎ ይፈርም፣ እናንተም ያቺን ከላይ ያልኳትን የ40 ውል ሰንጠረዥ አትጣሏት፣ በተቀየረ ቁጥር እንደገና አስነብቡት።